«ያዙልኝ» ያለ ሰው ግዴታ

የሠራዊት ቤተሰብ ኑሮ የዝውውር ኑሮ ነው። የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ቁጥር አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ምጣዱ ለጎረቤት ይሸጣል፤ በአዲሱ ሠፈር ደግሞ ሌላው ሰው የተገለገለበት ዕቃ ይገዛል። በመተማ አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ካለው የሱዳን ወገን ጋር መገበያየትም የቆየ ልማድ ነው።

በዚህ ግብይት ብዙ ቅሬታ የምታስነሣው «ያዙልኝ» የምትባለው ቃል ናት። ለገዥው በስልክ የምትነገር ቀላል ቃል ስትሆን፣ ለሻጯ ግን ሌሎች ፈላጊዎችን መመለስ ማለት ነው። የጉዞው ቀን ደርሶ ገዥው ሳይመጣ ቢቀር፣ ወይዘሮዋ ዕቃዋን በግማሽ ዋጋ ሰጥታ ወይም ጥላ ለመሄድ ትገደዳለች። በአንጻሩም ቃል የተገባለት ገዥ ደመወዙን ይዞ ሲመጣ፣ ጥቂት ብር የጨመረ ሌላ ሰው ዕቃውን ወስዶት ያገኛል።

ሕጉ ለዚህ ጉዳይ ሥርዐት አበጅቷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት የቀብድ መሰጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 እንደ ተደነገገውም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይኸውም 300 ብር የተቀበለች ሻጭ ሐሳቧን ብትለውጥ 600 ብር ትመልሳለች ማለት ነው።

ከድንበሩ ማዶ ግን አስተያየቱ ይለያያል። በዐረብኛ «ዐረቡን» የሚባለውን ቀብድ፣ ገዥው በቀረ ጊዜ ሻጩ እንዲያስቀረው የሐንበሊ የሕግ ትምህርት ሲፈቅድ፣ የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒ ትምህርቶች አይፈቅዱም። ስለዚህ አንዱ «ቀርቶብሃል»፣ ሌላው «ገንዘቤን መልስ» ቢባባሉ፣ ሁለቱም በየልማዳቸው መናገራቸው እንጂ መካካዳቸው ላይሆን ይችላል። ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት መነጋገር የሚበጀው ለዚህ ነው። የመተማ መተላለፊያ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ተዘግቶ በሐምሌ መከፈቱም ይታወሳል፤ መንገድ ተዘግቶበት የቀረ ገዥ ቃሉን እንዳፈረሰ ሊቆጠር አይገባም።

በመሆኑም ለቤተሰቦቻችን የምንመክረው ይህን ነው። «ያዙልኝ» ሲባል የሚወሰድበት ቀን አብሮ ይነገር፤ ቀኑ ካለፈ ሻጩ ነጻ ነው። ቀብድ በምስክር ፊት ይሰጥ፤ በወረቀትም ይጻፍ። ሐሳቡን የለወጠ ገዥ በዚያው ዕለት ያስታውቅ። ሻጩም ከቀጠሮው ቀን በፊት በጭማሪ ዋጋ አይታለል፤ ሁለተኛውን ፈላጊ «ቀዳሚው ከቀረ እጠራዎታለሁ» ብሎ በግልጽ ያሰናብተው።

በተለይ የሚያሳስበን የችኩል ሻጭ ጉዳይ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ለስንቅና ለመጓጓዣ ሲል የያዘውን ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ፣ ገንዘቡ በእጅ ሳይኖር «ያዙልኝ» ማለት እንጀራውን ማስያዝ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ይጠብቅ። የዛሬው ሻጭ ነገ በሌላ ሠፈር የግድግዳ ጎረቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።