ሴት ፖሊሶች ለብቻ ይሰለፉ ወይስ ከወንዶች ጋር?

ለብቻ ይሰለፉ

በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ ህንዳውያን ሴት ፖሊሶች የላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ ገቡ። በተባበሩት መንግሥታት ታሪክ አባላቱ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት የመጀመሪያው የተደራጀ የፖሊስ ኃይል ነበር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከዚያ በፊት የተሠራውን ሥራ ነው። ህንድ በማዕከላዊ ተጠባባቂ ፖሊሷ ውስጥ የሴቶች ሻለቃ ያቋቋመችው በ1986 ነበር። ላይቤሪያ የደረሱት እዝ የለመዱ፣ ብጥብጥ መበተን የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ።

በቅልቅል ክፍል ውስጥ ሴቷን የት እናገኛታለን? መዝገብ ቤት፣ ወይም በር ላይ ሴቶችን ስትፈትሽ። ግዳጅ ሲመጣ አዛዡ በቅንነትም ቢሆን «እሷ ትቅር» ይላል። በሴቶች ክፍል ግን የምትቀር የለችም፤ አዛዧም፣ የሌሊት ተረኛዋም ሴት ናት። ህንዳውያኑ የላይቤሪያን ፕሬዚዳንት የኤለን ጆንሰን ሰርሊፍን ቢሮ ጠብቀዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመለሱ፣ ተመድ እንዳለው፣ በላይቤሪያ የጸጥታ ዘርፍ የሴቶች ድርሻ ከ6 ወደ 17 በመቶ አድጎ ነበር።

ተቀላቅለው ይሰለፉ

ወዳጄ፣ ቁጥሩን አልክድም፤ ለእነሱ ብቻ መስጠትዎን ግን አልቀበልም። አገሪቱን የምትመራው ሴት ነበረች። የላይቤሪያ ፖሊስም ሁለተኛ ደረጃ ላልጨረሱ ሴቶች ትምህርት አመቻችቶ ይመለምል ነበር። የህንዶቹ ዋና ሥራ ጥበቃና ፓትሮል ማጀብ ነበር፤ ወንጀል አይመረምሩም ነበር፣ በየዓመቱም ይቀያየሩ ነበር። የተደፈረች ልጅ ቃሏን የምትሰጠው ሰፈሯ ባለው ጣቢያ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚቀበላት ከሴት መኮንን ትእዛዝ ወስዶ የማያውቅ ወንድ ሊሆን ይችላል። የሴቶች ክፍል ይህን ሰው አይነካውም። እሱ የሚለወጠው ሴት መኮንን አዛዡ ስትሆን፣ አብረው ሲወጡና ስትገመግመው ነው። ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሴት ልክ የተሠራ ጥይት መከላከያና የተለየ ማደሪያ ያላዘጋጀ ክፍል ሴቶችን ተቀበልኩ ማለት የለበትም።

መልስ

ወንዶቹን የምታዝ መኮንን ከየት ትምጣ? ግዳጅ ላይ ካልወጣች ልምድ የላትም፤ ልምድ ከሌላት ማዕረግ አይሰጣትም። ክፍሉ ቋሚ ይሁን አላልኩም። በውስጡ ሻምበል ሆና ያዘዘች ሴት ወደ ቅልቅሉ ክፍል ስትዛወር በዚያው ማዕረጓና ሥልጣኗ ትሂድ፤ ይህ በመመሪያ ይጻፍልኝ።