ሻሽ አስሮ ማሳቅ ይቻላል

ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የበዓል ዋዜማ ዝግጅት በሉት፣ የቴሌቪዥን ጭውውት ወይም የቲክቶክ ቀልድ፣ ይህ ሰውዬ የማይገባበት የለም። ቡና እየተቆላ፣ ልጆችም አያቶችም ባሉበት ይታያል። «ባህላችን ተነካ» ብሎ የሚቆጣ አይሰማም። ያው ልብስ ለሳቅ ሳይሆን የተለበሰ ዕለት ግን፣ ለባሹ የሚያፈቅርና የሚፈራ ሰው ሆኖ በፊልም ልታይ ያለ ዕለት፣ ጉዳዩ የሀገር ህልውና ይሆናል። ጠቤ ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

የወደዱትን የአኒሜ ወይም የኮሚክ ገጸ ባሕርይ ልብስ በእጃቸው ሰፍተው፣ ፀጉሩን አበጅተው፣ ለአንድ ቀን እሱን ሆነው የሚውሉ ወጣቶች በዓለም ዙሪያ አሉ። ኮስፕሌይ ይባላል፤ ስሙ ጃፓን ውስጥ ከወጣለት 40 ዓመት አልፎታል። ሴቷ ጎራዴ የታጠቀ ጀግና፣ ወንዱ ልዕልት ሆነው መምጣታቸው እዚያ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባም አኒሜ እያየ ያደገ ትውልድ አላት፤ ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን ሲያወጣ ይህ ትውልድ አገርኛ ጀግና አገኘ። ከእነዚህ ልጆች ሁለቱ፣ ሁለቱም ሴቶች፣ ልብስ አብረው ሲሰፉ ቢዋደዱ፣ ይህንንም አንድ ጀማሪ አዘጋጅ በ15 ደቂቃ ፊልም ሊተርከው ቢነሳ፣ አራዳ ውስጥ ካሜራውን የት ያቆማል?

«መጤ ነው» የሚለው መልስ ሌላ ሰፈር ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ሰፈር ግን ሲኒማ ራሱ መጤ ነበር፤ የመጀመሪያውን ማሳያ የአዲስ አበባ ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞታል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርም የሚያስታውሰን ነገር አለ። እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ሳይወጡ በፊት የሴቷን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ያውም ለቧልት ሳይሆን ለቁም ነገር። ሰው የጾታውን ልብስ ትቶ በሌላው ልብስ መቅረቡ ከእኛ መድረክ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሳቅን ብቸኛው የመግቢያ ካርድ ያደረግነው ኋላ ነው።

ሕጉስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት ይቀጣል። የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ስለ ሰው መተረክን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሲዘረዝር ሥነ ጥበብን በስም ጠቅሷል። ወረቀቱ ይህን ቢልም፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ለእንዲህ ያለ ቀረጻ አንዲት የፔንሲዮን ክፍል የሚያከራይ ደፋር አይታየኝም። ገንዘብ የሌለው ፊልም ደግሞ የሚሠራው በእንዲህ ያለ ክፍል፣ በጓደኛ ቤት፣ ባለቤቱ በሚያውቀው ቡና ቤት ነበር፤ የፒያሳ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል።

ከባለሥልጣን ይልቅ የሚያናድደኝ የሙያው ሰው ነው። «ተመልካቹ አይቀበለውም» ይላል፣ ሴታ ሴት ገጸ ባሕርይ እየሣለ ትኬት ሲሸጥ የኖረው ራሱ። አማኙ ተመልካች ከልቡ እንደሚቃወም አውቃለሁ፤ አለመግባትም መብቱ ነው። ግን ያላየውን ፊልም እንደማይወድ በእሱ ስም የሚወስነው ማን ነው? ናይሮቢ ሕጓ ከእኛ የላላ አይደለም። የዋኑሪ ካሂዩ ፊልም «ራፊኪ» የሁለት ሴት ልጆችን ፍቅር ስለተረከ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያ ታገደ፤ ፍርድ ቤት እግዱን ለ7 ቀን ብቻ ሲያነሳ ግን ሲኒማ ቤቶቹ ሞሉ። አዘጋጇ እንደተናገረችው ፊልሙን ያገደው ቦርድ ያልወደደው መጨረሻውን ነበር፤ ተስፋ ነበረው። ልጆቹ ቢጸጸቱ ኖሮ ያልፍ ነበር ማለት ነው። የእኛ ሳቅና የእነሱ ጸጸት አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

እኛም ጋ በሩ ገርበብ ያለበት ጊዜ ነበር። የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ላይ ሲታይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤፍሬም ምግብ ማብሰል የሚወድ ልጅ ነበር፤ አጎቱ የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ካሜራው ግን በልጁ አይስቅም፤ ወጡን ሲያማስል በትዕግሥት ያየዋል። ያንን ዓይን ከአንድ እርምጃ በላይ ያስኬደው ፊልም እስካሁን አላየሁም።

ለዚያ ጀማሪ አዘጋጅ «ቅጹ ላይ ዘውጉን ኮሜዲ ብለህ ሙላ፣ ትንሽ አስቅበትና ያልፍልሃል» የሚል መካሪ አይጠፋም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተዋንያንን አውሬ አድርገው ሹማምንቱን የነኩበት የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን በዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ርእሱ «ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር።