ፊርማ ሶፍትዌርን ትክክል አያደርግም

ሶፍትዌር የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች አብዛኞቹ በአንድ እምነት ይመራሉ፤ የሚፈለገው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በዝርዝር ይጻፍ፣ ይፈረምበት፣ ከዚያ አልሚው የተጻፈውን ይፈጽም። ርክክብ ሲደርስ ኮሚቴ ይቀመጥና ሥራውን ከሰነዱ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ ያመሳክራል። ከገጠመ ተጠናቋል ይባላል። እኔ ሰነድ መጻፉን አልቃወምም። የምቃወመው ሰነዱን የመጨረሻ ዳኛ ማድረጉን ነው። ለምን እንደሆነ የአንድ ሮኬት ታሪክ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና የተተኮሰው አሪያን 5 ሮኬት ገና 40 ሰከንድ ሳይሞላው አቅጣጫውን ስቶ አየር ላይ ፈነዳ። የጫናቸው አራት የምርምር ሳተላይቶችም አብረው ወደሙ። በሒሳብ ሊቁ ዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን ምክንያቱን ደረሰበት። የሮኬቱን አቋምና እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌሩን የወረሰው ከአሪያን 4 ነበር። አዲሱ ሮኬት ግን ወደ ጎን የሚፈጥነው ከቀዳሚው እጅግ ቶሎ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከተመደበለት የ16 ቢት ቦታ በላይ ሆነ፣ ስሌቱ ከሸፈ፣ ኮምፒውተሩ ቆመ። መጠባበቂያውም ያንኑ ሶፍትዌር የያዘ በመሆኑ ከዋናው ጥቂት ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር።

ኮምፒውተሩ የቆመው አቅራቢው ከታዘዘው ስለወጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥም ሥራው ይቁም የሚለው በዝርዝር መግለጫው የሰፈረ ትእዛዝ ነበር። የአሪያን 5 የበረራ መስመር በመሣሪያው መግለጫ ውስጥ እንዳይካተት የተወሰነውም በስምምነት ነው። ይባስ ብሎ ያ የከሸፈው ስሌት አሪያን 5 ከመሬት ከተነሣ በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም፤ የቀረው ለአሪያን 4 ያስፈልግ ስለነበር ብቻ ነው። ከሰነዱ ጋር ብቻ የሚያመሳክር የርክክብ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ይህን መሣሪያ ያለ አንዳች ቅሬታ ይረከበው ነበር።

“እንግዲያው ሰነዱ በደንብ ይጻፍ” የሚሉ አሉ። በደንብ የሚጽፈው ማን ነው? ምን እንደጎደለ በሚጻፍበት ሰዓት የሚያውቅ የለም። አጣሪ ቡድኑ ራሱ እንደመሰከረው፣ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ በአሪያን 5 የበረራ መስመር ቢፈተን ኖሮ ጉድለቱ ይገለጥ ነበር። መቶ ገጽ ቢጨመር ይህን ፈተና አይተካውም።

ወደ እኛው እንምጣ። ለጤና ጣቢያ የሚሠራ የታካሚ መዝገብ እናስብ። ሰነዱ “የቀጠሮ ቀንና ሰዓት ይመዘገባል” ይላል። በየትኛው ዘመን አቆጣጠር? ጳጉሜን 3 የተቀጠረች እናት አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ሶፍትዌር የት ትገባለች? ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተባለውን ኮምፒውተሩ ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ቢይዘውስ? የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ይህን በመጀመሪያው ቀን ትደርስበታለች፤ ሰነዱ ሲፈረም ግን የጠየቃት የለም። ይታረም ሲባል “በውሉ የለም፣ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል” የሚል መልስ ይመጣል። ሠራተኛዋም ወደ ወረቀት መዝገቧ ትመለሳለች። በደብዳቤ ላይ ግን ፕሮጀክቱ ተጠናቋል።

ሌላ መንገድ አለ። የኢንተርኔትን ደንቦች ያወጡ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሰነድ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ሰነድ የናቁ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የአሠራር ደንብ፣ አንድ ሰነድ ከመጀመሪያው ደረጃ ወደሚቀጥለው ከፍ እንዲል ለየብቻ የተሠሩና እርስ በርስ የሚግባቡ ቢያንስ ሁለት ፕሮግራሞች እንዲኖሩ ግድ አድርገዋል። በሁለት ፕሮግራሞች ተሠርቶ ያልታየ ክፍል ካለ ከሰነዱ እንዲወጣ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ጽሑፉ በሥራ ተፈትኖ ነው የሚጸናው። እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥራው በጽሑፍ ተመዝኖ ያልፋል።

ጨረታ የምታወጡ ኃላፊዎች ይህን መለወጥ ትችላላችሁ። በውሉ ውስጥ ሰነዱ በየጊዜው የሚታረምበትን ጊዜና ገንዘብ ከመጀመሪያው መድቡ። የመጀመሪያውን ሥሪት፣ ጎዶሎም ቢሆን፣ በቶሎ ለሚገለገሉበት ሠራተኞች ስጡ። የመጨረሻውን ክፍያ የምትፈቅዱትም የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቷን ትታ በሶፍትዌሩ ስትሠራ ካያችሁ በኋላ ይሁን።