ብርድ ጌጥ አይደለም

ስለ ባሮክ ዘመን ሙዚቃ በተወሳ ቁጥር አንድ ሥር የሰደደ ፍርድ ይደመጣል፤ ይኸውም ሙዚቃው የመኳንንት አዳራሽ ማድመቂያ፣ የጠገበ ጆሮ መዝናኛ ነው የሚል ነው። የፍርዱ ዋና ማስረጃ የመታሰቢያ ገጽ ነው። እርግጥ አንቶኒዮ ቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» የተሰኙትን የቫዮሊን ኮንቼርቶዎች የያዘውን መድበል እ.ኤ.አ. በ1725 አምስተርዳም ላይ ሲያሳትም ያበረከተው ለቦሄሚያው ባላባት ለሞርዚን ነበር። ዳሩ ግን የሥራን ባሕርይ ከመታሰቢያ ገጹ ላይ አንብቦ መፍረድ፣ ሰውን በተዋሰው ካባ ከመመዘን አይሻልም።

ፍርዱ መፈተን ያለበት በድምፁ ነው። ለዚህም ከአራቱ የመጨረሻው፣ «ክረምት»፣ ይበቃል። ይህ ክረምት የሐምሌ ዝናብና ጭቃ ሳይሆን የሰሜን ኢጣሊያ ውርጭና በረዶ ነው። ሲጀምር ዜማ የለውም። ባሱ ብቻውን አንድ ድምፅ እየደጋገመ ይነሣል፤ ቪዮላው፣ ሁለተኛው ቫዮሊን፣ በመጨረሻም አንደኛው ቫዮሊን በየተራ ይደረቡበታል፤ ድምፆቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ጆሮ ይቆረቁራሉ። ብቸኛው ቫዮሊን እንደ ክፉ ነፋስ ይወርድባቸዋል። ቀጥሎ ለመሞቅ መሬት የሚደበድብ እግር፣ ከዚያም የሚንገጫገጭ ጥርስ ይሰማል። ይህን አድማጭ በግምት የሚጨምረው አይደለም፤ ቪቫልዲ ራሱ በኖታው ላይ በቃላት እንዲታተም ያደረገው ነው። እንግዲህ የሚንቀጠቀጠው ማን ነው? ሜዳ ላይ ያለ ሰው ነው። ጌጥ በብርድ አይንቀጠቀጥም።

ሁለተኛው ክፍል በእርግጥ ያምራል። ብቸኛው ቫዮሊን በእሳት ዳር የተቀመጠን ሰው እፎይታ ያዜማል። በዚያው ሰዓት የኦርኬስትራው ቫዮሊኖች ደጋናቸውን አሳርፈው አውታሩን በጣት እየነኩ የዝናብ ጠብታ ያወርዳሉ። ከሙዚቃው ጋር የታተመውም ግጥም፣ ቤት ውስጥ እሳት ሲሞቅ ደጅ ብዙዎች በዝናብ እንደሚርሱ ይናገራል። ሙቀቱና ዝናቡ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ አንዱ ሌላውን ዝም አያሰኝም። በየሆቴሉና በየማስታወቂያው ዜማውን ብቻ ነጥሎ የሚወስድ ጆሮ ደጅ ያሉትን አይሰማም። በሩን የዘጋባቸው ግን ያ ጆሮ እንጂ ሙዚቃው አይደለም።

«የመኳንንት ነው» ባዩ ሌላም ነገር ይዘነጋል። ቪቫልዲ ከ1703 ጀምሮ ቫዮሊን ያስተማረው ቬኒስ ውስጥ፣ ተጥለው የተገኙ ሕፃናት በሚያድጉበት በፒዬታ ቤት ነበር። ከኮንቼርቶዎቹም ብዙዎቹን የጻፈው በዚያ ቤት ላደጉ ሴት ልጆች ነው። ራሱም በ1741 ቪየና ውስጥ በድህነት ሞተ።

መኳንንቱ መድበሉን አንድ ጊዜ በገጸ በረከትነት ተቀብለዋል። ሙዚቃው የእነርሱ ብቻ ነው ብሎ ከትምህርት ቤትና ከመድረክ የሚያርቅ ሐያሲ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ያለ ዋጋ፣ ያስረክባቸዋል። አስተማሪ ለተማሪዎቹ ይህን ሁለተኛ ክፍል ሲያሰማ፣ ከዜማው በፊት ጠብታውን እንዲያዳምጡ ይንገራቸው። ያን ጊዜ ሙዚቃው ስለ ማን እንደሚናገር ጆሯቸው ይፈርዳል።