የሒሳብ መምህር ስም መጥራት አለበት

በየኮሌጁ የሒሳብ ክፍል አንድ ልማድ አለ። መምህሩ ስለ ተበላሸ ሒሳብ ሲያስተምር «አንድ ኩባንያ» ይላል፤ ተማሪውም «አንድ ኩባንያ» ብሎ ይጽፋል። ኩባንያው ስም የለውም፤ የፈረመውም ኦዲተር ስም የለውም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ባለቤት ያጣል። ይህ ልማድ ለሥነ ምግባር ትምህርት እንደማይበጅ የአሜሪካዊው ፕሮፌሰር የአብርሃም ብሪሎፍ ሥራ ያስረዳል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1917 ተወልደው በ2013 ያረፉት ብሪሎፍ በኒውዮርክ በባሩክ ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። ሥራቸውም ኩባንያዎች ራሳቸው ያሳተሙትን ዓመታዊ ሪፖርት እስከ ግርጌ ማስታወሻው መርምሮ፣ የኩባንያውን ስም ጠርቶ «ባሮንስ» በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ሲሳናቸው እንኳ ሌሎች እያነበቡላቸው ቀጠሉ።

አጥብቀው ከነቀፏቸው ነገሮች አንዱ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ የሚሠራበት የሒሳብ አያያዝ ነው። ለምሳሌ አንዱ ሌላውን 100 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ አክሲዮን ገዛ እንበል። የተገዛው ንብረት ግን በመዝገብ የሚሰፍረው በቀድሞው ዋጋ፣ በ20 ሚሊዮን ነው። ነገ የንብረቱ ግማሽ በ50 ሚሊዮን ቢሸጥ 40 ሚሊዮኑ «ትርፍ» ተብሎ ለባለአክሲዮኖች ይነገራል። በእውነቱ ግን የተገኘ ትርፍ የለም። ደንቡ ይፈቅድ ስለ ነበር ኦዲተሩ ይፈርም ነበር። አያያዙ በአሜሪካ የቀረው በ2001 ነው።

«ምሁር የኩባንያን ስም ማንሣት የለበትም፤ ክብር ይነካል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሪፖርቱን ያሳተመው ኩባንያው ራሱ ነው፤ መምህሩ ቢሳሳት መልስ ለመስጠት የሚከለክለው የለም። ጆርጅ ፎስተር በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ብሪሎፍ የነቀፏቸው ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ጽሑፉ በወጣ ጊዜ በአማካይ 8 በመቶ ያህል መውደቁን አሳይተዋል። ሁሉም ሊያነበው ይችል የነበረውን ሪፖርት በሚገባ ያነበበው ሰው ጥቂት ነበር ማለት ነው።

ብሪሎፍ ኦዲተር ለሚመረምረው ኩባንያ የምክር አገልግሎት መሸጡንም ለብዙ ዓመታት ተቃውመዋል። ዳኛ ከተከሳሽ ማዕድ እየበላ እንዴት ይፈርዳል? በ2000 አርተር አንደርሰን ከኤንሮን ለኦዲት 25 ሚሊዮን፣ ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። ኤንሮን በ2001 መጨረሻ ከሰረ፤ ብዙ ሠራተኞችም የጡረታ ቁጠባቸውን አጡ። ኦዲተሮች ለሚመረምሩት ኩባንያ አብዛኛውን የምክር ሥራ እንዳይሸጡ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2002 ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመመረቂያ ዓመት ላይ የደረሰ እያንዳንዱ የሒሳብ ተማሪ አንድ የታተመ ዓመታዊ ሪፖርት መርጦ እስከ ግርጌ ማስታወሻው ይመርምር፤ ያገኘውን መልካምም ሆነ ክፉ ከነስሙ ጽፎ በክፍል ፊት ያቅርብ፤ መምህሩም ይረመው። ነገ በሪፖርቶች ላይ የምንፈርመው እኛ ነን። የትምህርት ክፍሉ ሐሳቡን ተመልክቶ በዚሁ ጋዜጣ መልስ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።