መዋጮው በስልክ፣ ቁልፉ በማን እጅ?

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላል ያገራችን ሰው። በስደት ያቋቋምናቸው ማኅበራት ግን ብዙውን ጊዜ የሚኖሩት በተገላቢጦሹ ነው። ሃምሳው ሰው ስብሰባ ላይ ያጨበጭባል፣ ሎሚውን የሚሸከሙት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። እነዚያ ሰዎች የደከማቸው ወይም የተቀየሙ ዕለት ማኅበሩ ይዘጋል። ካልተዘጋም የግል ንብረታቸው ሆኖ ይቀራል።

ውድ አንባቢያን፣ የአባልነት መዋጮን በኢንተርኔት መሰብሰብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከጄኔቫ እስከ ዙሪክ ያለው የባቡር መንገድ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ተሸክሞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተመላለሰ አሥር አሥር ፍራንክ ሊለቅም አይችልም። ጥቂት ባለጸጎችን ከመለማመጥ ግን ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ መሰብሰብ ማኅበሩን ነጻ ያወጣዋል።

መሣሪያው ሞልቷል። በስዊዝ ፖስታ ቤቶች የምናውቃቸው ቀዩና ብርቱካናማው የመክፈያ ወረቀቶች ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አገልግሎታቸው አብቅቷል። በምትካቸው የመጣው ኪው አር ኮድ ያለበት ቢል ነው። ማኅበሩ ለየአባሉ መለያ ቁጥር የያዘ ቢል ያወጣል፣ አባሉ በስልኩ ይከፍላል፣ ገንዘብ ያዡም ማን እንደከፈለ በቀላሉ ያውቃል። በዋናነት በስዊዝ ባንኮች የተያዘው ትዊንት የተባለው የስልክ መክፈያም አለ። ከስዊዝ ውጭ ላለ አባል ደግሞ የባንክ ካርድና ፔይፓል አሉ።

ዋጋውን ግን አስሉት። ካርድ የሚያስተናግደው ድርጅት ከመቶ 3፣ በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ክፍያ 30 ሳንቲም ይቆርጣል እንበል። በየወሩ 10 ፍራንክ ከሚከፍል አባል ዓመታዊ 120 ፍራንክ ላይ 7 ፍራንክ ከ20 ሳንቲም መንገድ ላይ ይቀራል። ያንኑ 120 ፍራንክ በአንድ ጊዜ ቢከፍል የሚቆረጠው 3 ፍራንክ ከ90 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ለስዊዝ ነዋሪ ባንኩ በየወሩ በራሱ የሚልክበት ቋሚ ትእዛዝ ይቅደም፣ ካርዱ ለሩቁ አባል ይሁን።

የማኅበር ሒሳብ ለመክፈትም ሰማይ መቧጠጥ አያስፈልግም። በስዊዝ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 60 መሠረት፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር በጽሑፍ የሰፈረ መተዳደሪያ ደንብ ካለውና እንደ ማኅበር የመቆም ፈቃዱ ከዚያ ከታየ ሕጋዊ ሰውነት ያገኛል። የመንግሥት ፈቃድ አይጠብቅም። ባንኩ ደንቡን፣ የምሥረታ ቃለ ጉባኤውንና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይጠይቃል። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ግን በዋናነት ለበጎ አድራጎትና ለመሰል ዓላማ በውጭ አገር ገንዘብ የሚሰበስቡ ወይም የሚያከፋፍሉ ማኅበራት፣ ከአነስተኞቹ በቀር፣ በንግድ መዝገብ የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ ቁልፉ። አገር ቤት በብዙ ደብር ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው ቁልፍ ያዦቹ በተሰበሰቡበት ነው። አንዱ ብቻውን እንዳይከፍት ሲባል የተበጀ ጥንታዊ ጥበብ ነው። የስዊዝ ባንኮችም የሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚሉት አሠራር አላቸው። የኢንተርኔቱ መክፈያ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ኢሜይል ይከፈታል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም በዚያው ሰው ስልክ ይመጣል። ሰውየው ሲኮርፍ ማኅበሩም አብሮት ያኮርፋል። ቅንጅት በ2007 ሲከፋፈል በውጭ የነበረው ደጋፊም አብሮ ተከፋፍሏል። ከልቡ የሰጠ ሰው ከዚያ ወዲህ "ገንዘቡ በማን እጅ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ ከውጭ የሚመጣ ነው። በዲሴምበር 2010 ፖስትፋይናንስ የዊኪሊክስ መሥራች የጁሊያን አሳንጅን ሒሳብ ዘጋ። የሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፤ ግለሰቡ የመኖሪያ አድራሻዬ ጄኔቫ ነው ብለው ያስመዘገቡት ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል የሚል ነው። በዚያው ሰሞን ፔይፓል፣ ቪዛና ማስተርካርድም ለዊኪሊክስ የሚሄደውን ገንዘብ አገዱ። ዊኪሊክስን ውደዱትም ጥሉትም፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሒሳቡ በእውነተኛ ስምና አድራሻ ይከፈት፣ በአንድ በር ብቻም አትግቡ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የከፋዮች ዝርዝር የገንዘብ መዝገብ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ የሚናገር ሰነድ ነው። ካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የጥናት ተቋም በ2014 እና በ2017 ባወጣቸው ሪፖርቶች፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ኮምፒዩተሮች የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደነበሩ አጋልጧል። መንግሥት ስለተለወጠ እንዲህ ያለው ሥጋት ይሰረዛል ብሎ መዝናናት የዋህነት ነው። እናት አባቱ አገር ቤት ያሉ ሰው ስሙ በማን ላፕቶፕ እንደተቀመጠ የማወቅ መብት አለው። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የስዊዝ የመረጃ ጥበቃ ሕግም የፖለቲካ አመለካከትን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ በክፍያው ላይ የአባሉ ቁጥር ይበቃል። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ለብቻው ይቆለፍ፣ የሚያዩትም ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ላይ እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ። ሒሳቡ የተከፈተው በማኅበሩ ስም ነው ወይስ በግለሰብ? ያለ ሁለተኛ ሰው ፈቃድ ገንዘብ ማውጣት ይቻላል? ስማችንን የሚያየው ማን ነው? ኮሚቴው ሳይቆጣ ከመለሰላችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ እዚያው ክፈሉ። ከተቆጣ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ቆዩ፣ ጥያቄውን ግን አትተዉት። ጠያቂ የሌለው ማኅበር ሎሚውም ጌጡም የአንድ ሰው ነውና።

ቸር እንሰንብት።