በእጃችሁ ያለውን ኮንቬንሽን አንሡ

ግልጽ ደብዳቤ ለሠራተኛ ማህበራት መሪዎች



የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይ.ኤል.ኦ) ኮንቬንሽን 189 በኢትዮጵያ ይጽደቅ ስትሉ ድምፄ ከእናንተ ጋር ነው። የመሠረታዊ ማህበር አባል ነኝ፤ መዋጮዬ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ጥያቄውም የእኔ ጥያቄ ነው። የምጽፍላችሁ በምትጠይቁበት መንገድ ከቀጠላችሁ፣ ኮንቬንሽኑ ቢጸድቅ እንኳ አንዲት አዳሪ ሠራተኛ ምንም እንደማታገኝበት ስለምሰጋ ነው።

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሜይ ዴይ ሲቃረብ መግለጫ ይወጣል፤ ያልጸደቁት ኮንቬንሽኖች በቁጥር በቁጥራቸው ይጠራሉ። ቀጥሎ በአንድ ሆቴል ዐውደ ጥናት ይዘጋጃል። ከመንግሥት የመጣው ተወካይ ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን ይናገራል፤ የአሠሪዎች ተወካይ የኢኮኖሚውን አቅም ያነሣል፤ እኛም የአቋም መግለጫ አንብበን እንለያያለን። በከርሞውም ያው ነው። የቤት ሠራተኛዋ በአዳራሹ ከታየች ታሪኳን እንድትናገር ተጠርታ ነው፤ አብራ እንድትመክርና እንድትወስን የሚጠራት የለም።

ማጽደቅ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ለማየት የራሳችን ታሪክ ይበቃል። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነት የሚናገረውን ኮንቬንሽን 87ና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገረውን ኮንቬንሽን 98 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሠራተኞች ኅብረት በተመሠረተበት በዚያው ዓመት። ኮንቬንሽን 87 አገሮች በሕጋቸው ለይተው እንዲወስኑ የሚተውላቸው የጦር ኃይልንና ፖሊስን ብቻ ነው። ሆኖም የመንግሥት መምህራን አሥርት ዓመታትን ያሳለፉት የሙያ ማህበር ብቻ ይዘው ነው። አቤቱታቸውም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአይ.ኤል.ኦ የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ፊት 1888 የሚል ቁጥር ይዞ ለዓመታት ተንከራቷል። ፊርማው ነበር፤ ኮንቬንሽኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነበር። መምህሩ ግን አልተደራጀም።

አሁን ወደ ቤት ሠራተኛዋ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ያደርጋል። ልብስ የምታጥበው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ሕፃን የምታሳድገው፣ አዛውንት የምታስታምመው ሴት በአዋጁ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም። የሥራ ሰዓቷ፣ የዓመት እረፍቷ፣ የወሊድ ፈቃዷ፣ የስንብት ክፍያዋ በዚያው ቀሩ። አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል፤ ክልከላው ግን የእሷ የሥራ ቦታ ከሆነው ጓዳ አይገባም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች በቀር ይዛ የምትከራከርበት የላትም።

ነገር ግን ያው አዋጅ የግል አገልግሎት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚወስን ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንዲያወጣ ያዛል። ትእዛዙ አዲስ አይደለም። በአዋጅ 42/1985 ነበር፤ በ377/1996 ተደገመ፤ በ1156/2011 ሠለሰ። ከመጀመሪያው ትእዛዝ ወዲህ የተወለደች ልጅ ዛሬ ራሷ የቤት ሠራተኛ ሆና ልጆች አሳድጋለች። ይህን ደንብ ለማስወጣት ምንም ዓይነት ማጽደቅ አያስፈልግም፤ የአይ.ኤል.ኦ መቀመጫ ወደሆነችው ጄኔቫ መሄድም አያስፈልግም። በአገራችን አዋጅ የተጻፈ ግዴታ ነው። ታዲያ በመግለጫዎቻችን ውስጥ ኮንቬንሽን 189 በየዓመቱ ሲጠራ ደንቡ ለምን አብሮ አይጠራም? እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ወደ ውጭ አገር ለቤት ሥራ የምትሄድ እህታችን በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት የሥራ ውል ይኖራታል፤ ውሉን መንግሥት ያየዋል፤ አስቀጣሪ ኤጀንሲው ይጠየቃል። አፈጻጸሙ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ከሪያድም ከቤይሩትም የተመለሱት ይነግሩናል። ቢሆንም ሕጉ ሠራተኛ ብሏታል። ያቺው ሴት ቦሌ ወይም ሳሪስ ስትቀጠር ግን ደላላው፣ ተያዡና የአሠሪዋ ሕሊና ብቻ ይቀሯታል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የዜጎቻችንን መብት እንዲያከብሩ ስንጠይቅ ይህን ጉድለት እነሱም ያዩታል።

አሁን በእጃችሁ ስላለው መሣሪያ ልናገር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮንቬንሽን 144ን አጽድቃለች። ይህ ኮንቬንሽን በሠራተኛው ሰፈር ብዙ አይወራለትም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የቀረበ ነው። መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች በአይ.ኤል.ኦ ጉዳዮች ላይ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመካከሩ ያስገድዳል። ከሚመከርባቸው ጉዳዮች አንዱ በግልጽ የተጻፈው ያልጸደቁ ኮንቬንሽኖችን በየጊዜው እንደገና መመርመር ነው። ስለዚህ ኮንቬንሽን 189 እንዲታይ መጠየቅ ልመና አይደለም። አጀንዳ ማስያዝ፣ ቃለ ጉባኤ ማስጻፍ፣ መልስ በጽሑፍ መቀበል መብታችሁ ነው። በአዳራሽ የሚባለው «በጥናት ላይ ነው» በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ በኋላ ጥናቱን ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደሚያልቅ ይጠየቃል።

የአይ.ኤል.ኦ ሕገ መንግሥትም ከእናንተ ጋር ነው። በአንቀጽ 19 መሠረት አንድ ኮንቬንሽን በጉባኤ ሲወጣ መንግሥት በአንድ ዓመት፣ ቢዘገይ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ሕግ ለማውጣት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ አለበት፤ እኛ ዘንድ ያ አካል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ማቅረብ ማለት ማጽደቅ ማለት አይደለም፤ ግን ጉዳዩ ከሚኒስቴር መሳቢያ ወጥቶ በተመራጮች ፊት ይቆማል። ባልጸደቁ ኮንቬንሽኖችም ላይ ድርጅቱ ሲጠይቅ መንግሥት የከለከለውን ምክንያት ሪፖርት ያደርጋል። በአንቀጽ 23 መሠረት የሪፖርቶቹ ቅጂ ለእናንተ ይላካል፤ እናንተም አስተያየታችሁን ጨምራችሁ የድርጅቱ የባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲያየው ማድረግ ትችላላችሁ። እነዚህ ቅጂዎች ለመሠረታዊ ማህበራት ወርደው ያውቃሉ? እኔ ባለሁበት ማህበር ውስጥ አንድም አይቼ አላውቅም። አባሉ ያላየውን ሪፖርት አባሉ ሊያርመው አይችልም።

ደግሞ የጸደቀው ኮንቬንሽን የት ይገኛል? የማጽደቂያ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ የኮንቬንሽኑ ሙሉ ቃል አብሮት አይታተምም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይም የወሳኝ ቦርድ አባል በአማርኛ የታተመ ጽሑፍ ሳይኖረው በምን ይፍረድ? የሥራ ክርክር የሚይዙ ጠበቆች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ብቻ ጠቅሰው ዝም የሚሉት ሰንፈው አይደለም። ለአንድ ዐውደ ጥናት የሚወጣው ገንዘብ የኮንቬንሽን 87ን፣ የ98ንና የ144ን አማርኛ አሳትሞ ለየችሎቱ ለማድረስ ይረዳል።

ኮንቬንሽን 189ን ከሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው ኡራጓይ ነበረች። ነገር ግን ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2006 የቤት ሠራተኞችን ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2008 ሠራተኞቹ በማህበራቸው በኩል የኅብረት ድርድር ተቀምጠው ደመወዛቸውን አስወስነው ነበር። በ2012 የመጣው ፊርማ በተሠራ ሥራ ላይ ያረፈ ነው። እኛ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ፊርማውን ይዘን ሥራውን ልንጠብቅ ነው።

የአሠሪዎች ወገን አዳሪ ሠራተኛን በፋብሪካ ሕግ መግዛት አይቻልም ይላል። ክርክሩን አልንቀውም፤ ቤት ፋብሪካ አይደለም፣ ተቆጣጣሪም እንደ ልቡ አይገባበትም። ግን ኮንቬንሽን 189 ይህን አስቦበታል። ከሚጠይቀው መካከል በሳምንት ቢያንስ ሃያ አራት ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍት፣ ሠራተኛዋ የምትረዳው ግልጽ ውል፣ መታወቂያና ፓስፖርቷ በራሷ እጅ መሆን ይገኙበታል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ቤት ያፈርሳል?

የምለምናችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው የሦስትዮሽ ምክክር ከኮንቬንሽን 189 በፊት የግል አገልግሎት ደንቡን አጀንዳ አስይዙ፤ ረቂቁንም እናንተ አዘጋጅታችሁ ቅረቡ፤ ሚኒስቴሩ እስኪጽፈው አትጠብቁ። የረቂቁ ዝግጅት በሥራ ቀን በሆቴል አዳራሽ አይሁን። አዳሪ ሠራተኛ ከቤት የምትወጣው፣ ያውም ከተፈቀደላት፣ እሁድ ከሰዓት ነው። ተመላላሾቹ ደግሞ ከምሽት በፊት አይለቀቁም። ሰዓቱን እነሱ ይምረጡት፤ በረቂቁም ላይ ድምፅ ይኑራቸው። ቦታ ከቸገራችሁ የእኛ መሠረታዊ ማህበር ጽሕፈት ቤት እሁድ እሁድ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹን እኔና ባልደረቦቼ እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመሠረታዊ ማህበር አባል፣ አዲስ አበባ